ከሰኔ እስከ ኅዳር ገመዱ የኔ ነው

እኔና ዩሪያስ ስንጋባ ቄሱ ፊት ከማልነው መሐላ ሌላ አንድ የራሳችን ውል ነበረን። ወፍራሙ ገመድ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የጀልባዋ ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር፣ አውሎ ነፋስ በሚመጣበት ወራት፣ የቤቱ። ከትሪኒዳድ በመርከብ የመጣ ገመድ ነው፤ በደሴታችን በካሪያኩ ላይ እንደሱ ያለ ሌላ አላየሁም። ሰኔ ሲገባ ዩሪያስ ከጀልባዋ ይፈታዋል። ከዚያ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እናሻግረውና አንዱን ጫፍ ከጓሮው የሮቃ ዛፍ፣ ሌላውን ጫፍ በባሕሩ በኩል ካለው ኮኮናት ጋር ጠፍንገን እናስረዋለን። ጎረቤታችን ኮስሞ በየዓመቱ አጥር ላይ ተደግፎ ይስቅብናል።

"ቬልማ፣ ቤትሽ ሊሸሽ ነው እንዴ እንደ ፍየል የምታስሪው?" ይለኛል።

"ያንተው በሮ ሲሄድ መጥተህ ታለቅሳታለህ" እለዋለሁ።

ይሳቅ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። በዚያ በክፉው ዓመት ጣሪያችን ሲነሳ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አንዱ ቆርቆሮ እየተገለባበጠ መጣና የአማቴን፣ የእማማ ክሌሚን እግር ከጉልበታቸው በታች ዘነጠለው። ነፍሳቸው በተአምር ተረፈች፤ እስከ ዛሬ ግን የሚሄዱት በሁለት ምርኩዝ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት በሸራ ሥር ኖርን፤ ዝናቡ በትራሳችን ላይ እየወረደ። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት። ሁለተኛ ጣሪያ ከላዬ አይሄድም፤ እኚህ ሴትዮም ሁለተኛ በቆርቆሮ አይቆረጡም።

ታዲያ ዘንድሮ ሰኔ ገባ፣ ገመዱ ግን የለም።

እኔ የበኩሌን ጨርሻለሁ። በርሜሎቹን ፈግፍጌ ውሃ ሞልቻለሁ። የመስኮት መዝጊያዎቹን ማጠፊያ ዘይት ቀብቻለሁ፤ ለትልቁ መስኮት ኮምፔንሳቶ አስቆርጬ ምስማሩን አጠገቡ አስቀምጫለሁ። ከሮቃው ላይ የደረቀውን ቅርንጫፍ አስወርጃለሁ። ሻማው፣ ክብሪቱ፣ ጨው ዓሣው፣ ደረቁ ብስኩት፣ የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር ነው። የቀረው የዩሪያስ ሥራ ብቻ ነበር። በባሕሩ በኩል ያለውን ኮኮናት አምና በሽታ ገድሎት ቆርጠነዋል፤ በሱ ፈንታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከባድ ብረት መቅበር፣ ከዚያ ገመዱን ማምጣት ነበረበት።

"ከውድድሩ በኋላ" አለኝ።

ውድድሩ ማለት የነሐሴው የጀልባ ውድድር ነው። ለኛ ሰው ከገናም ከፋሲካም ይበልጣል። ዩሪያስ ከፋሲካ ጀምሮ ጀልባዋን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ፣ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ደግሞ ሲያሽ ነው የከረመው። ሆዷን በመዳፉ እየዳበሰ ዓይኑን ይጨፍናል! እኔን እንዲያ አድርጎ የዳበሰኝ መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አባቱ በገዛ እጃቸው የሠሯት ጀልባ ናት። ዕድሜ ልካቸውን ተወዳድረውባት አንድም ቀን ሳያሸንፉ ሞቱ፤ ልጅየው ዘንድሮ አሸንፌ አጥንታቸውን ደስ አሰኛለሁ ብሎ ተነስቷል።

"እና አውሎ ነፋሱ ውድድርህን ቁጭ ብሎ ይጠብቅልሃል?" አልኩት።

"ኧረ ቬልማ! ነሐሴ ሳይገባ ምን አውሎ ነፋስ አለ? የሰኔ ነፋስ ቢበዛ ያሰጣሽውን ልብስ ቢጥልብሽ ነው።"

"ውሉ ሰኔ ነው የሚለው።"

"ውሉን የተዋዋልነው አንቺ ቀጭን ሳለሽ ነው።"

መጥበሻውን ወረወርኩለት። ለጥቂት ሳትኩት። እማማ ክሌሚ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቁ።

"በከንቱ አትድከሚ ልጄ" አሉኝ። "አባቱም እንዲሁ ነበር። እሱን ስወልድ ምጥ ይዞኝ እየጮህኩ፣ 'ይህችን ሳንቃ መትቼ መጣሁ' ነው ያለኝ።"

እንግዲህ ምን ላድርግ? በየቀኑ ነዘነዝኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰኔም ሊያልቅ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑ ተናገረ። ከምሥራቅ በኩል ውቅያኖሱ ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ በጥድፊያ እየበረታ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት እኛ ላይ ይደርሳል። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። በሰኔ! ወዲያው ዞር ብዬ ጣሪያውን አየሁት፤ ባዶውን ተንጣሏል።

በኛ ዘንድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባ ሁሉ የሚገባው ማንግሮቩ ውስጥ ነው። ሥሩን ባሕር ውስጥ የተከለ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያስርበት የራሱ ዛፍ አለው። ጀልባውን ታስረዋለህ፣ ከዚያ በባሕር ውሃ ሞልተህ ታሰጥመዋለህ። የሰጠመ ጀልባ ነፋስ አይወስደውም፤ ሲያልፍ ውሃውን ቀድተህ ታወጣዋለህ። በማግስቱ ወንዱ ሁሉ በማለዳ ጀልባውን እየነዳ ገባ። የኔው ጉድ ግን የመጨረሻው ቀለም አልደረቀለትም! በባርኔጣው እያራገበ ቀኑን አጋመሰ። ሲደርስ የፈረንጆቹ የመዝናኛ ጀልባዎች ማንግሮቩን ጢም አድርገው ሞልተውታል፤ በአባቱ ዛፍ ላይ የማያውቀው ሰው ሰንሰለት ተጠምጥሟል። ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ማንም አልሰማውም። ቅስሙ ተሰብሮ ጀልባዋን ወደ ቤት መለሳት።

ቤታችን ከአሸዋው ጫፍ ላይ ነው። ኮስሞ ሰፈሩን ጠርቶ በድቡልቡል እንጨት ላይ እያንከባለሉ፣ "ሆ በል! ሆ!" እያሉ እስከ ግቢያችን ጎተቷት። እማማን ወደ ኮረብታው መጠለያ የሚወስድልን የኮስሞ መኪና ደጅ ቆሟል። "መጀመሪያ ጀልባዋን እናስገባና" ተባለ። ጀልባዋ ገብታ ስታበቃ ደግሞ ሁሉም ሰው ደክሞት፣ "በቃ ጠዋት በማለዳ እንወስዳቸዋለን" ተባለ። አንጀቴ ቅጥል አለ፤ ግን እኔም ሰውነቴ ዝሎ ነበርና እሺ አልኩ።

ዩሪያስ ገመዱን በትከሻው ጠምጥሞ ጀልባዋን ከሮቃው ጋር ሊያስራት ሲሄድ ፊቱ ቆምኩ።

"ወዴት?"

"ጀልባዋን ላስር ነዋ።"

"ምን ወር ላይ ነን?"

"ቬልማ፣ አሁን የነገር ሰዓት አይደለም።"

"ምን ወር ላይ ነን አልኩህ!"

"ሰኔ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንግዲያው ገመዱ የኔ ነው። እናትህ ያሉት እዚያ ጣሪያ ሥር ነው።"

አልለቅም አለ፤ እኔም አልለቅም አልኩ። ሁለታችንም ገመዱን ይዘን ተፋጠጥን። መላውን ያመጣው ኮስሞ ነው።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሰው ይታዘባችኋል!" አለ። "ለምን ሁለቱን አንድ ላይ አታስሯቸውም? በባሕሩ በኩል ኮኮናቱ የለም አይደል? ጀልባዋን እዚያ ቦታ አስቀምጡና እስከ አፏ አሸዋና ውሃ ሙሏት። ከሞላች ሰይጣን ራሱ አይነቀንቃትም። ጣሪያውን እሷ ትይዘዋለች፣ እሷንም ጣሪያው።"

"ጣሪያው ቢበር ጀልባዬን ይዞ ሊሄድ?" አለ ዩሪያስ።

"ጀልባህ ብትሄድ ጣሪያዬን ይዛ ልትሄድ?" አልኩት። "እኩል ነን። እሰር!"

አሰረ። ገመዱ ከሮቃው ተነስቶ ጣሪያውን አቋርጦ ወርዶ በጀልባዋ ወገብ ላይ ተጠመጠመ። "አሸዋውን እኔ እዝቃለሁ፣ አንቺ ግቢ" አለኝ። አካፋው ሲፋጭ እስኪመሽ ሰማሁት። ሲገባ እጁ ቆስሏል።

"ሞላሃት?"

"ሞላኋት።"

"ውሃውንስ?"

"ሞላኋት አልኩሽ እኮ!"

በላይዋ ላይ ሸራ አልብሶ ዙሪያውን ወጥሮ አስሮታል። ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው ስለው፣ አሸዋው በዝናብ እንዳይታጠብ ነው አለኝ። አመንኩት። በጀልባ ነገር እኔን የሚያስተምረኝ እሱ ነው ብዬ አመንኩት።

ጠዋት መስኮቶቹን ቸንክረን ሳንጨርስ ኮስሞ ዝናቡን ሰንጥቆ እየሮጠ መጣ። በኮረብታው መንገድ ላይ ትልቅ ዛፍ ወድቋል፤ መኪና አያልፍም። "እንግዲህ እዚሁ ናችሁ!" ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እማማን ከኋላ ባለችው ትንሿ ክፍል ፍራሽ ላይ አስተኛናቸው፣ ጠረጴዛውን በላያቸው ላይ አቆምን። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ግድግዳው አላሰጋኝም። ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነበር።

ከዚያ መጣ። ስለ ድምፁ ምን ልበላችሁ? ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ሲጮህ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ቃሉን አትሰሙም። ቆርቆሮው ወደ ላይ ይነሳና ገመዱ ይይዘዋል፣ ይነሳል፣ ይይዘዋል። በተነሳ ቁጥር ነፍሴ አብራ ትነሳለች። "ያዝ! በናትህ ያዝ!" እለዋለሁ ገመዱን፤ እንደ ሰው ነው የማናግረው። በበሩ ስንጥቅ ሳይ የኮስሞ ጣሪያ አንድ ጥግ ተላጠ፣ ከዚያ ሙሉው ተነስቶ ከዓይኔ ጠፋ።

ከብዙ መከራ በኋላ በድንገት ጸጥ አለ። ፀሐይ ወጣ። የአውሎ ነፋሱ እምብርት እላያችን ላይ ደርሶ ነው፤ ግማሹ ገና ነው። ኮስሞ አንዲት ዶሮ በብብቱ አቅፎ፣ ግንባሩ እየደማ፣ እየተንገዳገደ ገባ።

"ፍየል ያለውን አፌን ቁረጪው" አለኝ።

"ግባና በሩን ዝጋ" አልኩት፤ ልስቅ አማረኝ፣ ግን እንባዬ መጣ።

ዩሪያስ ወጥቶ ጀልባዋን ዞሮ አይቷት ተመለሰ። "ደህና ናት" አለ። እናቱ እንዴት እንደሆኑ ግን አልጠየቀም። ደሜ ፈላ። ሆኖም ገመዱ ይዟል፣ ጣሪያው አለ፤ የኮስሞን ግንባር በጨርቅ ማሰር ያዝኩ።

ነፋሱ ዞሮ መጣ። አሁን የሚመጣው ከባሕሩ በኩል ነው፤ ባሕሩንም ይዞት መጣ። መጀመሪያ በበሩ ሥር ቀጭን ውሃ ገባ። ከዚያ ፍራሹ ራሰ። ከዚያ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። እማማን ብድግ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናቸው። ያን ጊዜ ጣሪያው ቀድሞ ያላሰማውን ድምፅ አሰማ። ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ባሕሩ ተጎተተ። ምስማር ሲነቀል ጮኸ። በጥጉ በኩል ሰማይ ታየኝ።

በስንጥቁ አየሁ። ጀልባዋ ተነስታለች። ማዕበሉ ሲመጣ ከፍ ትላለች፣ ሲመለስ ወደ ባሕሩ ትሮጣለች፤ ገመዱን ትወጥርና ጣሪያዬን ትስበዋለች። ከዚያ ነው የገባኝ። አሸዋና ውሃ የሞላ ጀልባ አይንሳፈፍም።

ዞሬ ጆሮው ላይ ጮህኩ። "ዩሪያስ! ጀልባዋ ለምን ትንሳፈፋለች?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አልሞላሃትም!"

"ሳንቃው ይለቅ ነበር!" ብሎ ጮኸ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "አሸዋ ቢበዛባት መገጣጠሚያዋ ይከፈታል፤ ውድድሩ ደርሷል! ትንሽ ነው ያደረግኩባት። ውሃውንም... ጨው አዲሱን የውስጥ ቀለሟን ይበላዋል ብዬ ነው!"

ሸራውም ለዚያ ነበር። አሸዋው እንዳይታጠብ አይደለም፤ ባሕር እንዳይገባባት ነው። ደርቃ፣ ተሸፍና፣ ቀልላ፣ ቤቴን ልትነቅል።

ኮስሞ "ገመዱ ይቆረጥ!" አለ።

"ገመዱ ከተቆረጠ ጣሪያውን ምን ይይዘዋል? ያንተን ምን ያዘው?" አልኩት። ካልተቆረጠ ጀልባዋ ጣሪያውን ትነቅለዋለች፤ ከተቆረጠ ነፋሱ ይወስደዋል። እማማ ክሌሚ ያቺን የተቆረጠች እግራቸውን ሰብስበው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቆርቆሮው በራሳቸው ላይ ይከፈትና ይዘጋል።

ዩሪያስ መጥረቢያውን ከጥጉ አነሳ።

"ወዴት ነው?" አልኩት። ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ተለጠፍኩበት። "ልትቆርጠው ነው! ጀልባህን ልታድን ነው! አንተ ከይሲ፣ የገዛ እናትህን! ሬሳዬን ተራምደህ ነው የምትወጣው!"

እናቱ ጠረጴዛው ላይ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ። እየጮኹ ነው፤ ከንፈራቸውን ነው ያነበብኩት። "ቁረጠው ልጄ" ይላሉ። "እኔ ኖሬያለሁ። የአባትህን ጀልባ አድናት። ቁረጠው!"

ዩሪያስ አያቸው። እንዲያ አድርጎ ሰው ሲያይ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያያቸው። ከዚያ በአንድ እጁ እኔን ከበሩ ላይ ነቅሎ ወረወረኝና ወጣ። ኮስሞ በሩን በጀርባው ደግፎ ዘጋው።

ረገምኩት። የማውቀውን እርግማን ሁሉ አወረድኩበት። ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ እማማ ላይ ተኛሁባቸው፤ ጭንቅላታቸውን ከደረቴ ሥር ከተትኩ። ቆርቆሮው ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገመዱ እስኪለቅ ጠበቅኩ። ከነፋሱ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ጣሪያው ግን አለ። ደግሞ መጣ። ደግሞ። ገመድ በመጥረቢያ ሲመታ እንዲህ አይጮህም። የሚጮኸው እንጨት ነው።

ኮስሞ በስንጥቁ እያየ ነበር። "ወይኔ ጌታዬ!" አለ። ወደኔ ዞሮ ጮኸ። "ሆዷን እየፈለጣት ነው! ቬልማ፣ ጀልባዋን እየፈለጣት ነው!"

ከጠረጴዛው ዘልዬ አየሁ። ውሃው እስከ ደረቱ ነው። በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ በሌላው ይመታታል፤ ማዕበሉ ይሸፍነዋል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይመታል። ያ ቀይ ቀለም እየተቦጨቀ በውሃው ላይ ይሄዳል። ሳንቃው ተሰነጠቀ፣ ባሕሩ ገባባት፣ ሸራው ተነፋ። ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች። ገመዱ መንዘፍዘፉን ተወ። ጣሪያው አንዴ ተንቋቋና ቁጭ አለ።

በሩን ከፍተን ኮስሞ በክንዱ፣ እኔ በሸሚዙ ይዘን ጎትተን አስገባነው። መጥረቢያው ከእጁ የለም። መዳፉ ተልጦ ይደማል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጥግ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ ቁጭ አለ።

"አሁን ሞላኋት" አለ።

እናቱ ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ፀጉሩን ያዙት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እያለቀሰ መሆኑን ያወቅኩት። አባቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም ነበር። ከላያችን ጣሪያው ተነሳ፣ ተያዘ፣ ተነሳ፣ ተያዘ።

ከይሲ ያልኩት አንገበገበኝ። ተንበርክኬ ጆሮው ላይ ጮህኩ።

"ይቅር በለኝ!"

"ምን?" አለ።

"ይቅር በለኝ!"

"አይሰማም!" አለ፣ ጆሮውን እያሳየኝ።

ሦስተኛ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶዬ ቀደመኝ። ቀሚሴን ቀድጄ የተላጠውን መዳፉን አሰርኩለት፤ እጁን ይዤ ነፋሱ እስኪያልፍ ውሃው ውስጥ አብሬው ተቀመጥኩ።